ልጄ እያስተረጎመችልኝ ገመናዬን እንዴት ልናገር?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ እንደምነሽ? ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ ግን እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የምኖረው ለንደን ነው፣ ዕድሜዬ 46፣ ባለትዳርና የሶስት ልጆች እናት ነኝ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ካገኘንም ቆይቷል። ለብዙ አመት ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ ነው የኖርኩት፣ አልጋ ማንጠፍ ፍራሽ ማንሳት። ከዛ እጆቼ ማበጥ ጀመሩ፣ የስራ ድካም ነው ብዬ ተውኩት፣ በኋላ ሆስፒታል ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው አሉኝ። አሁን ስራ አቁሜአለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ ድስት ማንሳት አልችልም፣ ሽንኩርት የምትከትፍልኝ ትልቋ ልጄ ናት እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማማስለው። ከመታጠቢያ ገንዳ ደግሞ ባሌ ነው የሚያወጣኝ፣ ይሄን ስጽፍ እንኳን አፈርኩ።

ሰው ሲመክረኝ ፒፕ (ለታመመና ለአካል ጉዳተኛ መንግስት የሚሰጠው ክፍያ) አመለከትኩ። ኢንተርቪው በስልክ ነበር፣ አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ሲሉኝ ለምን ሰው አስቸግራለሁ ብዬ የ15 አመት ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ሴትየዋ ገላሽን ብቻሽን ትታጠቢያለሽ ወይ፣ ሽንት ቤት ሰው ያግዝሻል ወይ ስትል ልጄ አይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው ያስተረጎመችልኝ። ምን ልበላት? «በራሴ ነው በያት» አልኳት። ምግብስ ስትለኝ «ለልጆቼ እሰራለሁ» አልኩ። ከዛ ውሳኔው መጣ፣ ለዴይሊ ሊቪንግ (ለዕለት ተዕለት ኑሮ) 6 ነጥብ ለመንቀሳቀስ 4 ነጥብ፣ ስለዚህ ምንም አይገባሽም ይላል።

በዚህ ላይ የቤቱ ጣጣ አለ። ባሌ ማታ ማታ ኦፊስ ያጸዳል፣ እኔን ለማገዝ ብሎ ሰዓት ሲቀንስ ቤኔፊት ካፕ የሚባል ነገር መጣብንና ዩኒቨርሳል ክሬዲታችን (ገቢው ለማይበቃ ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግስት ድጋፍ) ተቆረጠ። ሬንቱ አይሞላም፣ የሁለት ወር ውዝፍ አለብን፣ ላንድሎርዱም ቤቴን ብትለቁልኝ ደስ ይለኛል ብሎ ቴክስት ልኳል። የኔን ህመም ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ አልነገርኳቸውም፣ ፒፕ ስለሞላሁ ያውቁታል ብዬ።

አሁን ባሌ «ተይው፣ የሰው ፊት አንይ፣ ተጨማሪ ስራ እፈልጋለሁ» ይላል። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ሞኝ ነሽ፣ ጭራሽ አልራመድም አልቆምም ነበር ማለት፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያገኘው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መዋሸት እፈራለሁ፣ እግዚአብሔርንም መንግስትንም። ይግባኝ ካልሽ ያለሽንም ይቀሙሻል የሚሉኝም አሉ፣ ፒፕ ሊቀር ነው የሚሉም አሉ። ደብዳቤው ከመጣ ሶስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

ሰ. ነኝ፣ ከለንደን

መልስ፦

ሰ. እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ቆይተን እናወራዋለን፣ መጀመሪያ የውሳኔው ደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ቀን እይልኝ። ፖስታው እጅሽ የገባበትን አይደለም፣ ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን። ውሳኔያችሁን እንደገና እዩልኝ ለማለት (ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን ነው የሚሉት) ያለሽ ጊዜ ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው። ሶስት ሳምንት ከሄደ የቀረሽ ጥቂት ቀን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ማስረጃ እስክሰበስብ፣ ሰው እስካማክር፣ ባሌን እስካሳምን ብለሽ አትቆዪ። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለሽ «በውሳኔው አልስማማም፣ እንደገና ይታይልኝ፣ ማስረጃ በጽሁፍ እልካለሁ» ማለት ይበቃል። አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ በያቸው፣ ይሰጡሻል፣ በነጻ ነው። በዛው ስልክ ኢንተርቪው ያደረገችልሽ ሴትዮ የጻፈችውን ሪፖርት ኮፒ ላኩልኝ በይ። ያናገረሽን ሰው ስምና ሰዓቱን ደግሞ ወረቀት ላይ ያዢ። ቀኑ አልፎ ከተገኘም በቂ ምክንያት ላለው ሰው እስከ 13 ወር ድረስ የሚቀበሉበት አሰራር አለ፣ ግን እሱ የነሱ ፈቃድ ነው፣ በራስሽ ቀን መሄድ ይሻላል።

ያለሽንም ይቀሙሻል ለሚሉሽ፣ እስኪ ምንሽን ነው የሚቀሙሽ? ፒፕ አልተሰጠሽም እኮ። ፒፕ እያገኘ ይጨመርልኝ የሚል ሰው እውነት ነው ማሰብ አለበት፣ ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ወደታችም ሊሄድበት ይችላል። አንቺ ግን ከዜሮ በታች የለሽም። ዩኒቨርሳል ክሬዲታችሁም እንደገና ይታይልኝ ስላልሽ አይነካም።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ማንኛዋም እናት እዛ ወንበር ላይ ብትቀመጥ «በራሴ ነው በያት» ነው የምትለው፣ ስለዚህ በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጅሽ ከዛ ስልክ በኋላ ምን አለችሽ? ሽንኩርቱን የምትከትፈው እሷ ናት፣ አባቷ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንደሚያወጣሽም በአንድ ጣሪያ ስር እየኖረች ታጣዋለች ብለሽ ነው? «በራሴ ነው» ስትያት እውነት እንዳልሆነ እያወቀች ነው በእንግሊዝኛ ያለችው። ይሄ ለ15 አመት ልጅ ከባድ ነገር ነው፣ እና አንድ ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ «ያን ቀን አንቺን እዛ ላይ ማስቀመጥ አልነበረብኝም፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ነው የሚያስተረጉምልኝ» ብትያት ቀለል የሚላት ይመስለኛል። ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ከዚህ በኋላም በስልክም በአካልም የመንግስት ቀጠሮ ሲኖርሽ የማያውቅሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ሴት ትሁንልኝ ማለትም ትችያለሽ። እኛ ሰዎች ለማያውቁን ሰው ገመናችንን ማውጣት ይከብደናል እንላለን እንጂ እውነቱን ለመናገር የሚከብደው ለሚያውቁን ነው።

ጓደኛሽ የምትልሽን አታድርጊ። አልራመድም ብለሽ ከተገኘሽ ጣጣው ብዙ ነው፣ ያንቺ ህሊናም አይችለውም፣ ከደብዳቤሽ ይታወቃል። ግን ባልሽ እንዳለው መተውም፣ ጓደኛሽ እንዳለችው መዋሸትም አያስፈልግሽም። ያንቺ ችግር እውነቱን ግማሽ አድርገሽ መናገርሽ ነው፣ ሙሉውን ብትናገሪ ይበቃል ባይ ነኝ። ለምን እንደምልሽ ላስረዳሽ።

ፒፕ ምን በሽታ አለብሽ ብሎ አይሰጥም፣ በሽታው ምን እንደከለከለሽ ነው የሚያየው። ለዴይሊ ሊቪንግ አስር ነገሮች አሉ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ መብላት፣ መድሃኒትና ህክምና መከታተል፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ ልብስ መልበስ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መገናኘት፣ ገንዘብ መቆጣጠር። ድምሩ 8 ከሆነ ዝቅተኛውን፣ 12 ከሆነ ከፍተኛውን ነው የሚሰጡት። አንቺ 6 አለሽ፣ የጎደለሽ 2 ነው። 6 ነጥቡ ከየት መጣ የሚለውን ከሪፖርቱ ታይዋለሽ፣ እንደኔ ግምት ግን በሶስቱ ላይ «በመሳሪያ እየታገዘች በራሷ ትሰራለች» ብለው ሁለት ሁለት ሰጥተውሽ ነው። እስኪ አንቺ የጻፍሽልኝን እንየው። ሽንኩርት የሚከትፍ ድስት የሚያነሳልሽ ሰው ካለ ምግብ ላይ በሰው እርዳታ ነው የሚባለው፣ እሱ 4 ነው። ከገንዳ ሰው የሚያወጣሽ ከሆነ 3። ካልሲና ሱሪ ባልሽ የሚያለብስሽ ከሆነ 2። ዘጠኝ መጣ። ነጥብ ሰጪዋ እኔ አይደለሁም፣ ግን አንድም ውሸት ሳንጨምር እዚህ ደረስን አይደል?

«ለልጆቼ እሰራለሁ» ያልሽው ነገር ነው ብዙ የጎዳሽ። እኛ ቤት እሰራለሁ ማለት እናት ነኝ ማለት ነው፣ ማን ከተፈ ማን አነሳ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እነሱ ደግሞ የሚጠይቁት ዶሮ ወጥ አይደለም፣ ላንድ ሰው የሚበቃ ቀላል ምግብ ከጥሬው ጀምረሽ ልጠሽ፣ ከትፈሽ፣ ምድጃ ላይ አብስለሽ ማውጣት ትችያለሽ ወይ ነው። እንደሱ ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያቸው ነበር?

ደግሞ እወቂ፣ «ትችላለች» ለማለት አራት ነገር መሟላት አለበት ይላል ህጉ ራሱ፣ ጉዳት ሳይደርስብሽ፣ ደህና አድርገሽ፣ ባስፈለገሽ ቁጥር ደጋግመሽ፣ እና ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ከእጥፍ ባልበለጠ ጊዜ። ስልሳ ደቂቃ ፈጅቶብሽ ለብሰሽ ከወጣሽ ለብሰሻል አይባልም። ያንቺ አይነት በሽታ ደህና ቀንና ክፉ ቀን ያለው ስለሆነ ደግሞ የሚታየው ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ምን ትሆኛለሽ ነው። ኢንተርቪው የተደረገልሽ ቀን ደህና ሆነሽ ከነበረ፣ ሴትየዋም እንዴት ነሽ ስትልሽ እንደወጉ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብለሻት ከሆነ፣ ሪፖርቱ ላይ እንደዛው ተጽፎ ብታገኚው እንዳትገረሚ።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዢ። ትንሽ ደብተር ይበቃል፣ በአማርኛ። ጠዋት ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ጣቶቼ እስኪፈቱ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ማን አለበሰኝ፣ ምን ከእጄ ወደቀ። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የዚህ በሽታ መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነ በሳምንት አንዴ ነው አይደል፣ ብዙ ሰው በማግስቱ ያቅለሸልሸዋል ይደክመዋል፣ አንቺም እንደዛ ከሆንሽ ያንን ቀን ጻፊ። ስትጽፊላቸውም ህመሜ ከባድ ነው ብቻ አትበያቸው፣ እንደዚህ በያቸው፦ «ከገንዳ ለመውጣት ባለቤቴ ከብብቴ ስር ይዞ ያነሳኛል። እሱ ስራ ላይ ከሆነ አልታጠብም። በሳምንት አምስት ቀን እንደዚህ ነው።» አየሽ፣ ሶስት መስመር ነው፣ ማልቀስም መለመንም የለበትም፣ ግን ያነበበው ሰው ሁኔታሽን ያየዋል። የሽንት ቤቱንም እንደዛው። በወረቀት ሲሆን ማንም አይን አይንሽን አያይሽም።

ከሆስፒታሉ የሚላኩልሽ የሩማቶሎጂ ደብዳቤዎች ቤት ውስጥ የሆነ መሳቢያ ውስጥ አሉ አይደል? ኮፒያቸውን አያይዢ። ጂፒሽ (የሰፈር ሀኪምሽ) አዲስ ደብዳቤ ለመጻፍ ገንዘብ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ የህክምና መዝገብሽን ግን በነጻ ማግኘት መብትሽ ነው።

እዚህ ላይ ላስጠንቅቅሽ፣ እንደገና አይተነው ያው ነው ብለው ሊመልሱልሽ ይችላሉ፣ አብዛኛው ሰው በዚህ ደረጃ ያው ነው የሚባለው፣ ብዙዎቻችንም እዚሁ ላይ ነው ተስፋ ቆርጠን የምንተወው። አንቺ አታቁሚ። ከዛ ቀጥሎ ትሪቡናል አለ፣ እሱንም ለመጠየቅ አንድ ወር ነው ያለሽ፣ አይከፈልበትም። የሚሰሙሽ ሶስት ሰዎች ናቸው፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ሀኪም፣ አንድ የአካል ጉዳት ነገር የሚያውቅ ሰው፣ ውሳኔውን ከሰጠው መስሪያ ቤት ውጪ የሆኑ። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያመጣልሻል። እዛ ድረስ ከሚሄዱት የፒፕ ጉዳዮች ከግማሽ በላይ ለአመልካቹ ነው የሚፈረድላቸው። ወራት ይፈጃል፣ እሱን አልደብቅሽም፣ ካሸነፍሽ ግን የኋላው ገንዘብ ተቆጥሮ ይሰጥሻል።

ፒፕ ሊቀር ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። በማርች 2025 መንግስት ህጉን አጠብቃለሁ፣ ካስሩ ቢያንስ በአንዱ ላይ 4 ነጥብ ያላገኘ ሰው ዴይሊ ሊቪንግ አያገኝም ብሎ ነበር። የራሱ ፓርቲ የፓርላማ አባላት ሲያምጹበት ጁላይ 1 ቀን ያንን ክፍል ከረቂቅ ህጉ እንደሚያወጣው አስታወቀ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ግን የመጀመሪያው ዜና ነው እስካሁን የሚዞረው፣ ማስተካከያውን ማን ያጋራል።

አሁን ቤቱ። ይሄንን ደግሞ ባልሽም ቁጭ ብሎ ቢሰማው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ፒፑና ሬንቱ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላችኋል እንጂ አንድ ነው። ቤኔፊት ካፕ ማለት አንድ ቤተሰብ ከመንግስት የሚያገኘው ጠቅላላ ድጋፍ ጣሪያ ነው፣ ለንደን ውስጥ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ለባልና ሚስት በአመት 25,323 ፓውንድ ነው፣ በወር 2,110 ገደማ። የለንደን ሬንት ብቻውን ግማሹንና ከዛ በላይ ይበላዋል። ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ፒፕ ካገኘ፣ ዝቅተኛውንም ቢሆን፣ ካፑ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ዝቅተኛው የዴይሊ ሊቪንግ ክፍያ በ2025/26 በሳምንት 73.90 ፓውንድ ነበር፣ እሱ ብቻ ከመሰለሽ ተሳስተሻል፣ የተቆረጠባችሁ የቤት ኪራይ አብሮ ነው የሚመለሰው። ባልሽም በሳምንት 35 ሰዓት እየተንከባከበሽ ከሆነ የተንከባካቢ ክፍያ መጠየቅ የሚችለው አንቺ ፒፕ ስታገኚ ነው። ያ የጎደለሽ 2 ነጥብ ምን ያህል እንደሚመዝን አየሽ?

ካፑን የሚያነሳ ሌላም መንገድ አለ፣ እሱ ፒፑን መጠበቅ የለበትም። ባልና ሚስት በስራ የምታገኙት የተጣራ ደሞዝ ከተወሰነ መስመር ካለፈ ካፑ አይነካችሁም፣ በ2025/26 መስመሩ በወር 846 ፓውንድ ነበር። ባልሽ ሰዓት ሲቀንስ በጥቂት ፓውንድ ከመስመሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ፔይስሊፑን አውጥታችሁ እዩት፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ሰዓት መጨመር ከቻለ ሌላ ሙሉ ስራ መፈለግ ላያስፈልገው ይችላል። ሁለት ስራ ይዞ አንቺን ማን ከገንዳ ያወጣሻል?

ሌላው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ህመምሽን አለመናገርሽ ነው። ፒፕና ዩኒቨርሳል ክሬዲት አንዱ የሌላውን አያውቅም፣ ፎርሙም ምርመራውም ለየብቻ ነው። ጂፒሽን ፊት ኖት (የህመም ማስረጃ ወረቀት) ጠይቂና ጆርናልሽ (ኢንተርኔት ላይ ያለው የዩኒቨርሳል ክሬዲት ገጽሽ) ላይ የጤና ችግር እንዳለሽ አሳውቂ፣ ከዛ ለስራ ትችያለሽ ወይ የሚለውን የሚያይ ረጅም ፎርም ይልኩልሻል፣ እሱንም እንደላይኛው በዝርዝር ሙዪው። መስራትም ለስራ መዘጋጀትም አትችልም ካሉሽ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ከኤፕሪል 2026 ወዲህ ለሚገባ አዲስ ሰው ገንዘቡ በግማሽ ገደማ እንዲቀንስ ተደርጓል፣ ይሄ ያናድዳል፣ ግን ካፑን ስለሚያነሳው ለናንተ ከገንዘቡ በላይ ነው።

ላንድሎርዱ የላከው ቴክስት ቤት ማስለቀቂያ አይደለም። በህጉ መሰረት የተጻፈ ኖቲስ መስጠት አለበት፣ ከዛ ፍርድ ቤት አለ፣ ከዛም በኋላ ነው ሰው የሚወጣው። አፍራችሁ ወይ ፈርታችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ቁልፍ እንዳታስረክቡ፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) «ሆን ብላችሁ ነው ቤት አልባ የሆናችሁት» ሊላችሁ ይችላል፣ ያኔ መመለሻው ከባድ ነው። በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ የመሆን ስጋት ያለበትን ቤተሰብ ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ ኖቲስ ከመጣ በዛው ሳምንት ሂዱ። ሳይመጣም ቢሆን ለሬንት ጉድለት ካውንስሉ የሚሰጠውን ተጨማሪ እርዳታ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ማመልከቻው ላይ አንቺ ታማሚ መሆንሽንና የፒፕ ውሳኔው እንደገና እየታየ መሆኑን ጻፉ። ላንድሎርዱንም ዝም አትበሉት፣ የቻላችሁትን በየወሩ እየከፈላችሁ ውዝፉን እንዴት እንደምትጨርሱ በቴክስት ጻፉለት፣ ቴክስት የምለው ማስረጃ ስለሚሆን ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይ ሰፈርሽ ያለ የህግ ማእከል ወረቀቶቹን አብሮሽ ያያል፣ ነጻ ነው።

የቀረው ባልሽ ነው። «የሰው ፊት አንይ» ያለው ከፍቅርም ከኩራትም ነው፣ ይገባኛል። እንድትከራከሩ ግን አልፈልግም። ተይው ይልሽ እንደሆነ ውሳኔውን እንዲደግፍ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ስራ ስጪው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን እንደሚያደርግልሽ ግማሽ ገጽ በአማርኛ ይጻፍልሽ፣ ሪኮንሲደሬሽኑ ላይ ተተርጉሞ ይያያዛል፣ እንደ ምስክር ነው የሚቆጠረው። መጻፍ ካልወደደ ድምጹን በስልክ ይቅረጽና አንድ ሰው ይገልብጠው። እሱ የሚጽፈውን አንቺ እንዳታርሚበት፣ አንቺ ታሳንሺዋለሽ።